ጨው የሌለበት ተዝካር

ጨው ያልገባበት ሽሮ ለብቻው ሽታ አለው ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ሽሮ ያው ሽሮ ነው የሚሸተው ይሉኛል። እኔ ግን ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ አውቀዋለሁ። ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ ሞጣ ስሄድ መኪናችን ቢቸና ላይ ለምሳ ቆመ፤ ገና ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደደረስኩ አስተናጋጇን ጨው ረስታችኋል አልኳት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ በምን እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ብነግራት መኪናው ጥሎኝ ይሄድ ነበር። አሁን የሚያስቸኩለኝ ስለሌለ ለእናንተ ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ተቀምጦ ማውራት አይሆንልኝምና ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሡኝ።

ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቤታችን ቢቸና፣ ከገበያው በላይ ነበር፤ የምንኖረውም እናቴ፣ እኔና አያቴ ነን። አባቴን አላውቀውም፣ ሳልወለድ ነው የሞተው። አያቴ መነኩሲት ስለነበሩ የወለዷት እናቴ እንኳ "እማሆይ" ነው የምትላቸው። እኔን ደግሞ ስሜን ትታ "ቅብጥብጧ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የተሰጣ እህል ጠብቂ ስባል ዶሮዎቹን አባርሬ አባርሬ ጎረቤት አደርሳቸዋለሁ፤ ውሃ ቅጂ ስባል እንስራዬን ወረፋ አስይዤ ገበያ እዞራለሁ።

እማሆይን በተመለከተ አንድ ነገር አምን ነበር። ሰው ሲመነኩስ ለዚህ ዓለም ሞተ ተብሎ የሙታን ጸሎት ይደረስበታል። ይህን የሰማሁት ከእሳቸው ከራሳቸው አፍ ነው። እንግዲያው እማሆይ አንዴ ሞተው ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ አይሞቱም ብዬ ሐሳቤን ጥዬ ነበር የምኖረው። የሌሎች ልጆች አያቶች ሲሞቱ አዝንላቸው ነበር፤ የኔዋ ቀድመው ተገላግለዋላ።

ያን ዓመት ከጥምቀት በኋላ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። አውራ ጣቴን ቅልጥማቸው ላይ ስጫን ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደጫኑት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ደግሜ ደጋግሜ እጫናለሁ፣ ቀስ ብሎ ሲሞላ አያለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ መተንፈስ አስቸገራቸው። በጀርባቸው ከተጋደሙ ይታፈናሉ፣ ግድግዳው ደግሞ ይቀዘቅዛቸዋል። እናቴ ጭድ በከረጢት ሞልታ ልታስደግፋቸው ሞከረች፣ ይንሸራተታል። በመጨረሻ የተገኘው መደገፊያ እኔ ነኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መደባቸው ላይ ወጥቼ ጀርባዬን ለጀርባቸው እሰጣለሁ። እሳቸው ወደ በሩ ይመለከታሉ፣ እኔ ወደ ግድግዳው። እንግዲህ እኔን የመሰለ ልጅ እንዲህ ሲታሰር አስቡት። እግሬን ያሳክከኛል፣ አንገቴን ያሳክከኛል፣ ውጭ የልጆች ጩኸት ሲሰማኝ ልቤ ይሄዳል። ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ እሳቸው ይስላሉ። ሳላቸው በኔ ጀርባ አልፎ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል፤ ውስጣቸው ድስት የተጣደ ይመስል ይንፈቀፈቃል። "ምነው ዛሬ ትራሴ ቁንጫ በዛበት" ይሉኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እፈታለሁ፣ እሳቸው የሚቀምሱት ያኔ ነው። የእማሆይ ምግብ በጋም በክረምትም፣ በጾምም በፍስክም አንድ ነው፤ ደረቅ እንጀራና በጣሳ ውሃ የሟሟ ጨው። እንጀራውን በጨው ውሃው እየነከሩ ይበላሉ፣ የተረፈውን ውሃ ይጠጡታል። ወጥ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ጨውን ከአሞሌው ሰብሬ፣ በድንጋይ አድቅቄ የማቀርብ እኔ ነበርኩ። ለምን እንደዚያ እንደሚበሉ ጠይቄ አላውቅም፤ የመነኮሳት ምግብ ይመስለኝ ነበር።

ቢቸና ጤና ጣቢያ ከሐረር ተመድቦ የመጣ ጀማል የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበር። አገሩ ሁሉ "ሐኪም ጀማል" ይለዋል። እናቴ ለምና ቤት ድረስ አመጣችው። ጀርባቸውን ሊያዳምጥ ፈልጎ ከመደቡ አወረደኝ፤ የእኔን ቦታ ወስዶ ማዳመጫውን አስጠጋ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ እናቴን ወደ ደጅ ጠርቶ ልባቸው እንደደከመ፣ ሰውነታቸው ውሃ እየያዘ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም እሱ ዘንድ እንደሌለ ነገራት። ዶክተር ያለው ሞጣ ነው፣ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው ካልወሰዳችኋቸው በገዛ ውሃቸው ታፍነው ይሞታሉ አላት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰምቼ ሳቄ መጣ። ይህ ሐኪም እማሆይ ድሮ እንደሞቱ አልነገሩትም አልኩ በሆዴ።

ሞጣ ለመሄድ ግን ገንዘብ የለም። ያለው ሰንጋው ነው። ሰንጋው ደግሞ የእማሆይ የቁም ተዝካር ነው። ተዝካር ሰው ከሞተ በኋላ ለነፍሱ የሚደገስ ድግስ ነው፤ ወራሽ ያጓድልብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ግን በቁሙ ሳለ ይደግሰዋል። እማሆይ ለስንት ዓመት እንቁላል ሸጠው፣ ጥጥ ፈትለው አንድ ወንድ ጥጃ ገዙ፤ ወንድ ልጃቸው አያ ሙሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ያርስ ስለነበር ቀልቦ ቀልቦ ሰንጋ አደረሰላቸው። ለፋሲካ ማግስት ነበር የታሰበው።

አያ ሙሉ ሰንጋው ይሸጥ ሲባል እንደ እብድ አደረገው። እናቱን ስለጠላ አይደለም፤ አገር ምን ይለናል ነው ነገሩ። ያረጀች ሴት ልብ ተጠግኖ አያውቅም፣ ሐኪም ቤት የገባ ሽማግሌ ሲመለስ ያየሁት በቃሬዛ ነው፣ በነፍሷም በሥጋዋም ልትከስር ነው እያለ ግቢውን ወዲያ ወዲህ ይለዋል። እማሆይ ደግሞ ከእሱ ብሰው፣ ለዚህ ለበሰበሰ ሥጋዬ የነፍሴን ስንቅ አታሽጡኝ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እናቴ ሰንጋውን ራሷ ጎትታ ገበያ ወረደች። ሴት ሰንጋ ስትጎትት ያየ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ከኋላ ከኋላ እየነዳሁ አፈርኩ። ባዶ ገመድ ይዘን ስንመለስ አያ ሙሉ በራችን ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር።

እህል የጫነ መኪና ወደ ሞጣ ሲሄድ እማሆይን ጋቢና፣ እናቴንና እኔን ከላይ ከጆንያው ጋር አወጡን። እኔን የወሰዱኝ ለመደገፊያነት ነው። መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነበር፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ዘልዬ ወርጄ በጋቢናው መስኮት አያቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ሐኪም ቤቱ ደርሰን አልጋ ሲሰጡን አልጋው ዝርግ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ተጋድመው አይተነፍሱም። እንግዲህ ወጣሁና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬን ይልጠዋል፣ ከጎናችን ያለው ሽማግሌ አንድም ጠያቂ ስለሌለው እናቴ እንጀራ ታካፍለዋለች። ታማሚን የሚያበላው ዘመዱ ነው፣ ዘመድ የሌለው ደግሞ የጎረቤቱን አልጋ ያያል። እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ዶክተሩ የሌላ አገር ሰው ነበር፣ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። መርፌ ወጓቸው፣ ኪኒን ሰጧቸው፤ ከዚያ ሽንት በሽንት ሆኑ። ስንወጣ እግራቸው ወደ ቅልጥምነቱ ተመልሶ ነበር። ዶክተሩ አንድ ነገር አጥብቆ ተናገረ፤ ጨው መርዛቸው ነው፣ በወጣቸው እንዳይገባ አለ። እናቴ ሳቀች። እማሆይ ወጥ የሚባል ነገር ከቀመሱ ስንት ዓመታቸው፣ ኧረ እሱስ አያስቡ ብላ አስተረጎመች። ዶክተሩም ደስ አለው፣ እናቴም ደስ አላት። የእማሆይ አሞሌ ቢቸና ቀርታ ስለነበር እዚያ የሰነበቱት በደረቅ እንጀራ ብቻ ነው።

ቢቸና ስንመለስ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔም ነፃ ወጣሁ፤ ያን ሰሞን የሮጥኩትን ሩጫ አልረሳውም። ግን እቤት ገብተው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "ቁንጫ፣ ጨዌን አምጪ" አሉኝ፣ አመጣሁላቸው። ሕማማት ሲገባ እግራቸው እንደገና ሊጥ ሆነ። ፋሲካን ከመደባቸው ሳይወርዱ፣ እኔም ከጀርባቸው ሳልለይ ዋልን። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ እናቴ ራሷ ነች የምታውጣቸው፤ እግሩ ግን ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል። አያ ሙሉ መጥቶ አይቶ፣ ያን የመሰለ ሰንጋ ሸንታችሁ ጨረሳችሁት ብሎ ወጣ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ሐኪም ጀማል ሲመጣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ኪኒኑን አየ፣ ልክ ነው። እግራቸውን ተጫነ፣ ጣቱ ገባ። ግራ ገብቶት ዓይኑን ሲያንከራትት እኔን ጥግ ላይ አሞሌ ስወቅጥ አየኝ።

"ይሄ ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእማሆይ ነዋ" አልኩት።

እናቴን አያት። እሷም ተደናግጣ፣ ወጥ አይበሉም አልን እንጂ ጨው አይበሉም መች አልን፣ ይሄ እኮ ጾም ነው እንጂ ምግብ አይደለም አለችው። ሐኪም ጀማል እስላም ነው፣ የአገራችንን የጨውና የውሃ ጾም ከየት ያውቃል? መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ጣሳዋን አንስቶ በጣቱ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ፤ ከዚያ የሚያብጣቸው ይሄ መሆኑን፣ ካልተዉት ሞጣም ሆነ አዲስ አበባ ቢወሰዱ ለውጥ እንደሌለው ቀስ ብሎ አስረዳን። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እማሆይ ግን ስለት ነው፣ አልተወውም አሉ።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ፈንቴ ተጠሩ። ሌላውን ሁሉ አስወጡ፣ እኔን ግን ማስወጣት አይቻልም፤ ከወጣሁ እማሆይ ይወድቃሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ የነገሯቸውን ሰማሁ። እናቴ በምጥ ተይዛ ቀናት አልፈዋት ነበር፤ አዋላጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተነሥተው ነበር። እማሆይ ያኔ ገና አልመነኮሱም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወድቀው፣ ሁለቱን ካተረፍክልኝ እስክሞት ወጥ አልቀምስም፣ እንጀራ በጨውና በውሃ እበላለሁ ብለው ተሳሉ።

"ለማን ነበር ስለቱ?" አሉ መምሬ።

እማሆይ በክርናቸው ጀርባዬን ነካ አደረጉ። "ለዚህች ለትራሴ።"

ስለቱን እግዜር ተቀብሏል፣ ልጅቷም ይኸው አድጋለች፤ ከእንግዲህ ስለቱን ለውጬዋለሁ አሉ መምሬ። ወጡን ይብሉ፣ ጨውን ይተዉ፤ ጨው የሌለው ወጥ ከደረቅ እንጀራ ይብሳልና ጾሙ አልቀረብዎትም አሏቸው። እማሆይ በእሺታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ በጀርባዬ ተሰማኝ።

ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ያዘኝ። የተረፍኩት በስለት ከሆነ፣ ስለቱ ሲፈርስ እኔ እወሰዳለሁ ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርት ቤት እንደተቀመጥኩ ከጠረጴዛው ሥር የራሴን ቅልጥም በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ ጉድጓድ ቢቀር መጀመሩ ነው። አንድ ቦታ መቆም አልችልም፣ ስሮጥ ደግሞ ልቤ ሲመታ ልቤ ደከመ እላለሁ። እናቴ ያለ ጨው የሠራችውን ሽሮ ለእማሆይ ስታቀርብ ሽታው ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር። ውሃ፣ ባቄላና ቀይ ሽንኩርት ይሸታል፤ አንድ ያልተጨረሰ ነገር ነው የሚሸተው። አንድ ቀን ተደብቄ በጣሳቸው ጨው አሟሙቼ አቀረብኩላቸው።

እማሆይ ጣሳዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ቅልጥሜ በጣት ብዛት ጠቁሮ ነበር።

"ነይ እስቲ ወዲህ" አሉኝ። በጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት አስቀመጡኝ፣ ያን ሰሞን ፊታቸውን በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው ተጫኑና ለቀቁት። "የታለ? ቀረ?"

"አልቀረም።"

"እኔ ለእግዜር የከፈልኩት በዱቤ መሰለሽ? የሰጠውን የሚነጥቅ ጎረቤት ነው፣ እሱ አይደለም። ይልቅ ይቺን ውሃ ድፊያትና ሽሮዬን አብረሽኝ ብይ፣ ብቻዬን አልወርድልሽ አለኝ።"

አብሬያቸው በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴም ሁለት ድስት መጣድ ሰለቻት፣ ቤቱ በሙሉ ያለ ጨው መብላት ጀመረ። እግራቸው ጎደለ። አያ ሙሉም ሰምቶ መጣ፤ መንገዱ ሳይዘጋ በግንቦት መጨረሻ ሞጣ ሄዶ ኪኒን አመጣ።

የቀረው ተዝካሩ ነው። ሰንጋ በሌለበት በፍስክ ቀን ተዝካር ማውጣት ውርደት ነበር። መላውን ያመጡት መምሬ ፈንቴ ናቸው፤ የሰኔ ጾም ሲገባ ይደገስ፣ ያኔ ሥጋ የሚጠይቅ አይኖርም አሉ። ዘመድ ተዝካር በጾም ብሎ አጉረመረመ። ያ አልበቃ ብሎ እማሆይ የድግሱ ወጥ በሙሉ ያለ ጨው ይሠራ አሉ። አያ ሙሉ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ በእናትዎ፣ ለእርስዎ ለብቻ ትንሽ ድስት ይጣድ፣ አገር አያስቅብን አላቸው።

"ሙሉዬ" አሉት፣ "ያቺ ልጅ ከተወለደች ከሰው ገበታ ቀርቤ አላውቅም። ተዝካሬ አይደል? አንድ ቀን ከሰው ጋር ከአንድ ድስት ልብላ።"

ከዚያ ወዲያ የተከራከራቸው የለም። ዕለቱ ጨፍጋጋ ነበር፣ ዳሱ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀመጡ፣ እማሆይም እንደ ሙሽራ መሐል ገቡ። ሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሶ ማላመጡን ሲያቆም አየሁ። እርስ በርስ ይተያያል። እኔ ከአንዱ መሶብ ወደ አንዱ እየተቁነጠነጥኩ የሰውን ጉንጭ አያለሁ፤ አያ ሙሉ ጠላ እየቀዳ አንገቱን ሰብሯል። ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዳር ሆነው "ጨው ረስተዋል እኮ!" ብለው አምባረቁ። መጀመሪያ የሳቁት እማሆይ ናቸው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ሳይስሉ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም በላ፣ ድስቱ ባዶ ወጣ።

ክረምቱ ያን ዓመት ክፉ ነበር። መኪና ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል። ሐምሌ ሲያልቅ ኪኒኑ አለቀ፤ ሐኪም ጀማል ያለውን ሁሉ ፈትሾ የሚመስለውን እንኳ አጣ። እማሆይ ጨው አልነኩም፣ እግራቸው ግን እንደገና አበጠ። አያ ሙሉ በቅሎ ተውሶ ወደ ሞጣ ተነሣ፤ ወንዙ ሞልቶ መልሶት ነበር፣ እንደገና ሄደ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ያኔ አላሳከከኝም። ትንፋሻቸውን አብሬ እየተነፈስኩ በቅሎ ትሰማኝ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ደጅ ጥዬ እውላለሁ። ፍልሰታ ገብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ጀርባቸው ከበደኝ። ውስጣቸው ያለው ድስት መንፈቅፈቁን ተወ። እናቴን አልጠራሁም፤ የተነሣሁ እንደሆነ ይወድቃሉ ብዬ እሷ ከደጅ እስክትገባ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ።

አያ ሙሉ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልብሱ በሙሉ ይንጠፈጠፋል፣ ከብብቱ ያወጣው የኪኒን ጥቅልል ግን ደረቅ ነበር። ለማን እንደሚሰጠው ቸገረው፣ ዞር ዞር አለና ለእኔ ሰጠኝ። ለሐኪም ጀማል ወስጄ ሰጠሁት፤ እንደሳቸው ያበጡ አንድ አዛውንት አሉ ብሎ ነበር።

አርባቸው ሲደርስ ሌላ ቤት ቢሆን ይደገሳል፣ ይፈጫል፣ ይጠመቃል። እኛ ቤት ግን ተዝካሩ በቁማቸው ወጥቷል፤ ፍትሐቱ ተደርሶ ሰው ተበተነ። የምንሠራው ምንም ነገር አልነበረንም። እኔ ከመደቡ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መደቡ ስመላለስ እናቴ ሽሮ ጣደች። ሲፈላ ከአሞሌው ሰበረችና አደቀቀች፤ ቆም አለች፣ ከዚያ ጨመረችው።

አንድ ጉርሻ ጎርሼ ጨው በዛበት ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ቀመሰችው። አልበዛም አለች፣ እሷም እያለቀሰች፣ ያው ድሮ እንደምጨምረው ነው።